ሁለት ሌሊት በአዋሽ ፓርክ፦ ከጓደኞች ጋር ድንኳን ተክሎ ለማደር

ከአዲስ አበባ ዓርብ ወጥቶ እሁድ ለመመለስ ከአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የተሻለ በረሃ አይገኝም። ርቀቱ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ አስፋልት ነው፤ ውስጡ ደግሞ ሜዳ፣ ወንዝ፣ ፏፏቴ፣ ፍል ውሃና እሳተ ገሞራ አንድ ላይ ይዟል። ሆኖም ብዙ ሰው ሄዶ «እንስሳ የለም፣ ሙቀቱ አይቻልም» ብሎ የሚመለሰው ፓርኩ ባዶ ስለሆነ አይደለም። ሰዓቱን ስለማያውቅ ነው። በቆላ ቀኑ ሁለት ጫፍ አለው፦ ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ጀንበር መጥለቂያ። በመካከሉ ያለው ጊዜ ለጥላ ነው። እንስሳው ይህን ሥርዓት ጠብቆ ይኖራል፤ የእናንተም ዕቅድ በዚሁ መመራት አለበት።

መቼ፣ ስንት ሆኖ

ጥሩው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ግን ጋቢ ይፈልጋል። ከመጋቢት በኋላ እስከ ሰኔ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ሙቀት ድንኳን ውስጥ እንቅልፍ የለም። ክረምቱ ፏፏቴውን ያደምቀዋል፣ የውስጥ መንገዱን ግን ጭቃ ያደርገዋል። ፏፏቴውን ሙሉ ሆኖ ማየት የሚፈልግ በመስከረም ይሂድ፤ ለእንስሳ የሚሄድ ሣሩ እስኪደርቅ ይጠብቅ።

ስድስት ሰው በሁለት መኪና ልኩ ነው። አንድ መኪና ብቻ ይዞ መግባት አይመከርም፤ አንዱ ቢበላሽ ወይም ሰው ቢታመም ሁለተኛው ያወጣል። ከስምንት በላይ ስትሆኑ ድምፁ ይበዛል፣ ውሃው አይበቃም፣ ጠዋት ሁሉንም ቀስቅሶ በ12 ሰዓት መነሳትም አይቻልም።

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛው የአካባቢው ጸጥታና የመንገዱ ሁኔታ ነው። ሁለተኛው በፓርኩ ያለው እሳተ ገሞራ፣ የፈንታሌ ተራራ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በፈንታሌ ዙሪያ በተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሷል፤ ነዋሪዎችም ከቦታቸው እስከ መነሳት ደርሰዋል። መንቀጥቀጡ ባገረሸ ሳምንት ጉዞውን አስተላልፉ። ሲረጋጋ ብትሄዱም ድንኳን ከገደል አፋፍና ከገደል ሥር አትትከሉ።

ውሃ

ሌላው ሁሉ ቢጎድል ይተካል፤ ውሃ ግን አይተካም። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ለመጠጥ በቀን ለአንድ ሰው 5 ሊትር፣ ለምግብ ማብሰያና ለዕቃ ማጠቢያ 3 ሊትር። ስድስቱ እናንተና አብሯችሁ የሚያድረው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ሰባት ሰው ትሆናላችሁ። ለሁለት ሙሉ ቀን 112 ሊትር ይመጣል። ስለዚህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስድስት፣ ሦስት ሦስቱን በየመኪናው ጫኑ። ከዚያ የሚተርፈው ትንሽ ውሃ ለራዲያተር ነው።

ጀሪካኑ ዘይት ወይም ናፍጣ ያልነካው ይሁን፤ ሽታው በሙቀት ይወጣል። ሐሙስ ማታ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ጋዜጣ ላይ ዘቅዝቃችሁ አሳድሩት። ጠዋት ጋዜጣው ከረጠበ ክዳኑ ያፈስሳል ማለት ነው። ቆርጣችሁ የምታስገቡት ቀጭን ላስቲክ ያድነዋል፤ ካልሆነ ጀሪካኑን ለውጡ። ይህን ሳያዩ የሄዱ ሰዎች ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፍራሻቸው ርሶ፣ ጀሪካናቸው ጎድሎ ያገኙታል።

ከዚህ ሌላ ስድስት ባለ 2 ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ሦስት ጣት ያህል አጉድላችሁ ሙሉና ፍሪዘር ውስጥ አድርቁ። በረዶ ሲሆን ይሰፋልና ሙሉው ይፈነዳል። እነዚህ በማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ሥጋውን ያቆዩላችኋል፣ ሲቀልጡ ደግሞ ቀዝቃዛ መጠጥ ናቸው። የተፈጨ በረዶ ከመግዛት ይሻላል፤ ያኛው ቀልጦ ምግቡን ያርሰዋል።

የአዋሽ ወንዝ ውሃ አይጠጣም። ከላይ ከተማና ፋብሪካ አቋርጦ የሚመጣ ውሃ ነውና ማፍላት ጀርሙን ቢገድልም ሌላውን አያወጣም። ለመቅዳትም ወደ ዳር መጠጋት አያስፈልግም፤ ወንዙ አዞ አለው።

መኪናው

ለዋናው የፓርክ ክፍል ከፍ ያለ መኪና ይበቃል፤ ወደ ፍል ውሃ ለመሄድ ግን ፎር ዊል ድራይቭ ያስፈልጋል። የሚበድለው ጎማው ነው። የግራር እሾህ ያረጀ ጎማን ጎን ይወጋል። በየመኪናው በደንብ የተነፋ ቅያሪ ጎማ፣ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻና በመኪና ባትሪ የሚሠራ መንፊያ ይኑር። ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ አብራችሁ ያዙ። ቅያሪውን ከዕቃው ሥር ከቀበራችሁት በፀሐይ ሁሉንም ታራግፋላችሁ፤ መጨረሻ ጫኑት።

ፒስታው ላይ ስትገቡ የጎማውን ነፋስ ከ35 ወደ 28 ፒ ኤስ አይ አካባቢ ዝቅ ማድረግ ንዝረቱን ይቀንሳል፣ ጎማውም ድንጋይ ላይ ይለዝባል። አስፋልት ላይ ከመመለሳችሁ በፊት መልሳችሁ ንፉት፤ የጎደለ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ግሎ ይፈነዳል።

ነዳጅ አዳማ ላይ ሙሉ። ማደያ በስልክ ስለሚከፈል ሒሳባችሁ ላይ በቂ ገንዘብ ይኑር፣ ስልኩም ቻርጅ ይኑረው። ለፓርኩና ለስካውት ደግሞ ጥሬ ገንዘብ በእጃችሁ ያዙ፤ ዝርዝር ብር ቢሆን ይመረጣል።

ምግብ፣ ጾምና ሥጋ

የምግብ ዝርዝር ከመውጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይመለስ፦ ማን ምን ይበላል? ዓርብ ጾም ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ደግሞ የነቢያት ጾም ስለሆነ ለጉዞ ምርጥ የሆነው ወቅት ግማሹ ጾም ላይ ይወድቃል። በቡድኑ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም ካለ የሥጋው ነገር በረሃ ላይ ሳይሆን አዲስ አበባ ላይ ይነጋገሩበት። ሁለት ዓይነት ሥጋ ከተገዛ ቢላው፣ መክተፊያው፣ ድስቱና የመጥበሻ ሽቦው ሁለት ሁለት ይሁን፤ ሳጥኑም ይለያይ። ይህን ሁሉ ዕቃ መጫን ካስቸገረ ጉዞውን በሙሉ በጾም ምግብ መያዝ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ማንም ሳይሳቀቅ ከአንድ ትሪ ይበላል።

ሙቀትን የሚችል የምግብ አሰላለፍ ይህን ይመስላል። ዓርብ ማታ ሽሮ፦ ለሰባት ሰው ግማሽ ኪሎ ሽሮ ይበቃል፤ ሽንኩርቱን እቤት ከትፋችሁ በዘይት አብስላችሁ በጠባብ ዕቃ ብትይዙት እዚያ 20 ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ቅዳሜ ረፋድ ዳቦ፣ ቱና፣ ቲማቲምና ቃሪያ። ቅዳሜ ማታ ሥጋ የሚበላ ይጥበስ፤ የጥሬ ሥጋ ዕድሜ ከዚያ አያልፍም፤ ያደረ ጥሬ ሥጋ ለእሁድ አይቀመጥም። እሁድ ጠዋት ድርቆሽ ፍርፍር። በቀን መንገድ ላይ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ይኑር። በሶ በውሃ በጥብጦ በጥቂት ጨው መጠጣት ላብ የወሰደውን በከፊል ይመልሳል።

እንጀራ በረሃ ላይ የሚሻግተው በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ትኩሱን ላስቲክ ውስጥ ስለሚዘጉት ያልበዋል። ሐሙስ ማታ ተጋግሮ ሙሉ ለሙሉ ይቀዝቅዝ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ የተበሳ ካርቶን ውስጥ ይግባ፣ ካርቶኑ ፀሐይ በማያገኘው የመኪናው ወለል ላይ ይቀመጥ። እንዲህ ከተያዘ እስከ ቅዳሜ ማታ ይቆያል። ሠላሳ እንጀራ ለሁለት ማታ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው የድርቆሽ ተራ ነው።

ቡናው ተቆልቶና ተወቅጦ ይምጣ፤ ሩብ ኪሎ ይበቃል። ጀበናውን በጋቢ ጠቅልላችሁ እግር ሥር አኑሩት።

የፓርኩን እንጨት አትቁረጡ፣ የወደቀውንም ቢሆን ስካውቱን ሳትጠይቁ አታንሡ። አንድ ማዳበሪያ ከሰል ከነምድጃው ይዛችሁ ግቡ። ትንሽ የካምፕ ጋዝ ለጠዋት ቡና ይመቻል፤ በጨለማ ከሰል ማቀጣጠል የንጋቱን ግማሽ ሰዓት ይበላል። ከሰል ምንም ቢበርድ ድንኳን ውስጥ አይገባም። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ስለሌለው በተኛችሁበት ይገድላል።

ዓርብ፦ እስከ 10 ሰዓት በር ላይ

ከአዲስ አበባ ቢዘገይ በ6 ሰዓት ተነሡ። በፈጣን መንገዱ አዳማ እስክትደርሱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዳማ በኋላ በወለንጪቲ ወደ መተሐራ የሚወስደው መንገድ የጅቡቲ መንገድ ስለሆነ ከባድ መኪና ይበዛበታል፤ ከብትና ግመልም ያቋርጠዋል። ከመሸ በዚህ መንገድ አትንዱ። መተሐራ ላይ ግራና ቀኝ የምታዩት ጥቁር ድንጋይ የፈንታሌ ቅሪት ነው፤ መንገዱ ዳር ያለው ውሃ ደግሞ በየጊዜው እየሰፋ የመጣው የበሰቃ ሐይቅ ነው። የጎደለ ሽንኩርት፣ ቲማቲም ወይም ሐብሐብ ቢኖር እዚህ ግዙ።

በሩ ላይ የመግቢያ፣ የመኪናና የማደሪያ ክፍያ ትፈጽማላችሁ፤ ታሪፉ ስለሚለዋወጥ እዚያው ጠይቁ፣ ደረሰኙንም እስክትወጡ አትጣሉት። ስካውት የምትይዙትም እዚሁ ነው። የቀን ሒሳቡን ከመነሳታችሁ በፊት ቁረጡ። ስካውቱ ምግብ ይዞ አይመጣም፤ ከገበታችሁ ይበላል፣ ከውሃችሁ ይጠጣል። እሱን አክብሮ የያዘ ቡድን ሌላው የማያየውን ያያል። አንበሳ ትናንት የት እንዳገሳ፣ የትኛው መንገድ በዝናብ እንደተቆረጠ የሚያውቀው እሱ ነው። ከከረዩና ከአፋር አርብቶ አደሮች ጋር ስትገናኙም አስቀድሞ ሰላምታ የሚሰጠውና የሚያስተዋውቃችሁ እሱ ይሁን። መሬቱ የእነሱ የግጦሽ ቦታ ነበር፤ ያለ ፈቃድ ካሜራ ማንሣት ነውር ነው።

ድንኳን አተካከል

ማደሪያው ወንዙ ዳር ባሉት ትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። ጥላውን ስትመርጡ ቀና ብላችሁ እዩ፦ የደረቀ ቅርንጫፍ ያለበት ሥር አትተኙ፣ ነፋስ ሳይኖር ይወድቃል። ከወንዙ አፋፍ ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ፤ ከአዞው በተጨማሪ ደጋ ላይ የጣለ ዝናብ እናንተ ጋ ደመና ሳይታይ ወንዙን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ወደ ውሃ የሚወርድ የተረገጠ መንገድ ካለ የእንስሳት መንገድ ነው፣ ክፍት ተዉት።

ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው ቀጭን ካስማ እዚህ መሬት ላይ ይጎብጣል። ብረታ ብረት ቤት ሄዳችሁ ባለ 8 ሚሊ ፌሮ 30 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ አስቆርጡ፣ ጫፉን አንድ ወገን አስጠምዙ፤ ለአንድ ድንኳን ስምንት ይበቃል። መዶሻ አትርሱ። ከሥር የምታነጥፉት ሸራ ከድንኳኑ ወለል አራት ጣት ያነሰ ይሁን። ከወጣ የዝናቡን ውሃ ሰብስቦ ከሥራችሁ ያስገባዋል። «ባለ 3 ሰው» የተባለው ድንኳን በዚህ ሙቀት የሁለት ሰው ነው። የመረቡ መስኮት ከወንዙ በኩል ለሚመጣው ነፋስ ይዙር፣ ዚፑም ገና ከተተከለ ጀምሮ ተዘግቶ ይዋል። ቀን የገባ ትንኝ ሌሊት ይነክሳልና።

መጸዳጃ ከማደሪያውና ከወንዙ ቢያንስ 60 ሜትር ርቃችሁ፣ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጉድጓድ ሳይመሽ ቆፍሩ። ሌሊት ብቻውን ማንም አይሂድ።

ሌሊቱ

ጅብ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ሰው አይፈልግም፤ የሚፈልገው አጥንት፣ የቅባት ሽታና ቆዳ ነው። ጫማ ውጭ ካደረ ጠዋት አይገኝም። የተበላበት ድስት ሳይታጠብ አይደር፤ ቆሻሻውና አጥንቱ በሁለት ላስቲክ ታስሮ መኪና ውስጥ ይግባ። ምግብ ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥም፣ ብስኩትም ቢሆን።

አንበሳ ሲያገሳ ድምፁ ከብዙ ርቀት ስለሚሰማ ቅርብ መስሎ ያስደነግጣል። ዚፑን ዘግቶ መተኛት በቂ ነው። ለሽንት የሚወጣ ሰው መጀመሪያ በባትሪ ዙሪያውን ይይ፤ የሚያበራ ዓይን ካየ ተመልሶ ስካውቱን ይጥራ። የተዘጋ ጫማ ሳያደርግ አይውጣ፤ ከማድረጉ በፊት ደግሞ ያራግፈው፤ ጊንጥ የሚገባው ጫማ ውስጥ ነው።

እባብ ከነከሰ አትቁረጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድም አትሰሩ። ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፣ የተነከሰው እግር ወይም እጅ እንደ ስብራት በእንጨት ይታሰር፣ ሰውየው ሳይራመድ ተሸክማችሁ ወደ ሐኪም ቤት ንዱ። ማን እንደሚነዳ ከወዲሁ ይታወቅ፤ ያ ሰው ማታ አልኮል አይጠጣ።

ቅዳሜ ንጋት፦ ኢላላ ሳላ

በ11 ሰዓት ተኩል ተነሡ፣ ቡና ብቻ ጠጡ፣ በ12 ሰዓት መኪናው ይንቀሳቀስ። ኢላላ ሳላ ሜዳ ስሙ ላይ ያለው ሳላ የሚታይበት ነው፦ ቀጥ ያለ ረጅም ቀንድ፣ ፊቱ ላይ ጥቁር መስመር። ፍጥነታችሁ ከ20 ኪሎ ሜትር አይለፍ። መንጋ ስታዩ ቀጥ ብላችሁ ወደነሱ አትንዱ፤ የሚመጣባቸው መስሏቸው ይሸሻሉ። 100 ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ መኪናውን በጎኑ አቁማችሁ፣ ሞተር አጥፍታችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። መጀመሪያ ሁሉም አንገቱን ቀና አድርጎ ያያችኋል፤ ከዚያ አንዱ ጎንበስ ብሎ መጋጥ ይጀምራል። እሱ ከጋጠ ሌሎቹም ይከተላሉ። ማየት የሚጀመረው ያኔ ነው። በር መክፈት፣ መውረድ፣ ሙዚቃ መክፈት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል።

ከሜዳው ዳር ቁጥቋጦ ሥር እንሹን፣ ያችን በጣም ትንሽ ድኩላ መሰል እንስሳ፣ ፈልጉ፤ አንዱን ካያችሁ ሁለተኛው አጠገቡ ነው፣ በጥንድ ስለሚኖሩ። ወንዱ ጥምዝ ቀንድ ያለው አምበራይሌ ጥቅጥቅ ያለ ግራር አይለቅም፣ እሱን ለማየት ጠርዙን ተከትሎ በዝግታ መንዳት ነው። የሜዳ ፍየል፣ ከርከሮና ሰጎን ሜዳው ላይ ይታያሉ። ዝንጀሮዎቹን ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩ፦ አዋሽ ሁለት የተለያዩ የዝንጀሮ ዝርያዎች ተገናኝተው የሚዳቀሉበት በሳይንስ የታወቀ ቦታ ነው። ወንዱ አመዳማ ጎፈር ያለው አንድ ወገን፣ ቡናማ የወይራ መልክ ያለው ሌላ ወገን፣ በፏፏቴው አካባቢ ደግሞ መሐል ለመሐል የሆነ ታያላችሁ። አንዲት ሙዝ እንኳ አትስጡ። ምግብ የለመደ ዝንጀሮ የሚቀጥለውን ሰው መኪና ይከፍታል፤ መጨረሻው መገደል ይሆናል።

በ3 ሰዓት ወደ ጥላ ተመለሱ። ፏፏቴው ለዋናው መሥሪያ ቤት ቅርብ ስለሆነ በመንገዳችሁ እዩት፤ ከላይ ሆኖ ማየት ይበቃል። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ከሥርም አዞ አለ። ከ5 እስከ 10 ሰዓት መተኛት፣ ካርታ መጫወት፣ ወፍ ማየት ነው፤ በዚህ ሰዓት ተራራ ልውጣ የሚል ጓደኛ ካለ አስቀሩት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጠቆረ ሽንት የውሃ ማነስ ምልክት ነው፦ አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጦ በዝግታ መጠጣት። የሚዘባርቅ፣ ገላው የሚፋጅ ሰው ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ልብሱን አቅልላችሁ፣ ውሃ እያርከፈከፋችሁ፣ እያራገባችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት።

ፍል ውሃ፣ ጊዜ ካለ ብቻ

ፍል ውሃው ከዋናው መንገድ ወደ ሰሜን ነው፤ በዘንባባ ተከቦ ሰማያዊ ውሃ ይታያል። መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ ያለ ስካውትና ያለ ሁለተኛ መኪና አይኬድም፤ ኔትወርክም ይጠፋል። ከሄዳችሁ የቅዳሜን ከሰዓት ሳይሆን የእሁድን ንጋት ስጡት። ገንዳው ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ ገላ አይችለውም። ስካውቱ ያሳያችሁ ብቻ፣ መጀመሪያ እጅ ከዚያ እግር እያስገባችሁ፣ ከ10 ደቂቃ ሳታልፉ። ወደ ረግረጉና ወደ ሸምበቆው አትጠጉ።

መመለሻ

እሁድ በ5 ሰዓት ድንኳኑ ተነቅሎ ያልቅ። ከሰሉን ውሃ አፍስሳችሁ፣ በእንጨት ቀላቅላችሁ፣ እጃችሁን አስጠግታችሁ ሙቀት እስከማይሰማ ድረስ አጥፉ፤ ከጥቅምት በኋላ ሣሩ ደረቅ ነው፣ በነፋስ የሄደች አንዲት ፍም ሜዳውን ታነዳለች። ቆሻሻው ከእናንተ ጋር ከተማ ይመለስ። ቤት ለቀረ አንድ ሰው «እሁድ ማታ በ12 ሰዓት ካልደወልን ፓርኩን ጠይቅ» ብላችሁ ሄዳችሁ ከሆነ መተሐራ ላይ ደውሉለት።

አካባቢው የወባ ነው። መከላከያ መድኃኒት ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ ማታ ረጅም እጅጌ ልበሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ከሳምንት ጀምሮ ባሉት ወራት ትኩሳት ከያዛችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቆዩ፤ በዚያው ቀን የደም ምርመራ አድርጉ፣ አዋሽ ማደራችሁንም ለሐኪሙ ንገሩት።